ሽማግሌ ሳይልክ ሰም የሚቀባው ይመር

ትናንት አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ልጄ ሻማ ለኮሰች፤ ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ሲመጣ እፍ ብላ አጠፋችውና ቤቱን ያ የሻማ ጭስ ሽታ ሞላው። ሌላ ሰው ሻማ ሲሸተው ልደት ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ አንድ ሰው ነው፤ ባስታወስኩት ቁጥር ደግሞ ደሜ ይፈላል። ልጄ ፊቴን አየችና "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ሻማው ነው" አልኳት። ጭሱ ዓይኔን የነካኝ መስሏት መስኮት ከፈተች። መስኮት ቢከፈት የሚወጣ ነገር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ወጥቶልኝ ነበር።

ቆቦን በመኪና አልፎ ለሚሄድ ሰው ወንዛችን ወንዝ አይመስለውም። በዓመት ሁለት ወር ቢሆን ነው ወንዝ የሚሆነው፤ የቀረውን ጊዜ አሸዋ ነው። ክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ድንጋዩንም፣ ግንዱንም፣ አንዳንዴ የሰው ላም ጭምር እያንከባለለ ይመጣና አሸዋውን ለእኛ ጥሎልን ይሄዳል። በጋ ሲገባ ከአፋር በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ያንን አሸዋ እያፈሰ በከተማው በኩል ባለው ገደል ላይ ይከምረዋል። በእኛ ጊዜ ክምሩ ሦስት ቤት ቢደራረብ የሚደርስበት አልነበረም፤ "አሸዋ ገደል" እንለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ቀትር ላይ በባዶ እግሩ የሚረግጠው ሰው ያበደ ብቻ ነው። ዛሬ የለም። ባለፈው ለሰርግ ተጠርቼ ሄጄ ባየው፣ ሲኖትራክ ተሰልፎ እየጫነው ነው። ብሎኬት ሆኗል። ሾፌሩን "ኧረ ይኼ አሸዋ እኮ…" ብዬ ጀመርኩና ምን ብዬ እንደምጨርሰው ጠፍቶኝ ተውኩት። ምን ይባላል? እዚህ ላይ ዕድሜዬን ያቃጠለ ሰው ነበር ይባላል?

አባቴ አውራ ጎዳናው ዳር ሻይ ቤት ነበረው። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦውም እንደዚያው፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ሰው ጠግቦ ጓደኛውን ይጋብዛል። ስኳር በኩፖን ከኅብረት ሱቅ የሚመጣ ስለነበር አባቴ በማንኪያ ጫፍ እንደ መድኃኒት ነበር የሚሰጠው። ጨምርልኝ ያለውን የጭነት መኪና ሾፌር "አይዞህ፣ ደሴ ስትደርስ ይጨምሩልሃል" ይለዋል። ወንዶቹ ከሥር መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ ጎፈሬያቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው ይመጣሉ፤ የገጠሮቹ በሽርጣቸው፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ይገባሉ። እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻሽ የወጣልን ሰሞን ነው፤ ነፋስ ሲመታው ድምፅ ነበረው። ሬዲዮኑ ጠዋት ማርሽ፣ ከሰዓት ዜና፣ ወደ ማታ ደግሞ የዘፈን ምርጫ ያሰማናል፤ አባቴ ማርሹን ዝቅ፣ ዘፈኑን ከፍ ያደርግ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳያይበት። ስብሰባው፣ መሠረተ ትምህርቱ፣ ዘመቻው ሁሉ ነበር። ማን መጣ ማን ሄደ የሚለውን የሚጽፉት ይጻፉት፤ እኔ የማስታውሰው ጠረጴዛዎቹን ነው። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ያስመጣቸው ፊታቸው በለስላሳ ፎርማይካ የተለበጠ አራት ጠረጴዛዎች ነበሩት፤ ሁለቱ አረንጓዴ፣ ሁለቱ የበሰለ ቲማቲም የመሰለ ቀይ። አባቴ እኛን እንኳ አያስጠርገንም፤ ራሱ ነበር የሚያብሳቸው።

ይመር ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ነው። ከተማ ውስጥ አንድ እንጨት ቤት በርና ሳጥን ሲሠራ ይውላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ሥራ ሲወጣ በየቀኑ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ጥግ ካለችው ቀይ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ አንዲት ሻይ ያዝዝና አባቴ ወንበር መሰብሰብ እስኪጀምር አይነሳም። እኔ ሞኟ ለእኔ የሚመጣ መስሎኝ፣ ሻሼን አስሬ፣ ኩሌን ተኩዬ ሻዩን በእጄ አቀርባለሁ። አንድ ቀን ብርጭቆውን ላነሳ ጠጋ ስል ባየው፣ በመዳፉ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ነው። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ከሥር አየው።

"ምን ጠፍቶብህ ነው?" አልኩት።

"ዘሃራ፣ ይኼ ነገር ከምን ይሆን የሚሠራው?" አለኝ። "ንኪው እስቲ። ወላሂ እንዲህ የሚለሰልስ ነገር አይቼ አላውቅም።"

የተኳልኩት ኩል አነደደኝ። እንግዲህ ይመርን ለማወቅ ይኼ ይበቃል፤ የሚቀጥለውን ለመስማት ትዕግሥት ያለው ይስማ።

ነገሩ እኔንም ይፈልገኝ ነበር። ያንንም የነገረኝ የታዘዘ በር እንደሚያደርስ ሰው ነው። በበጋ ውሃ የምንቀዳው ከደረቀው ወንዝ መሃል ነው፤ አሸዋውን በእጃችን እንቆፍራለን፣ ጠብ ጠብ እያለ ጉድጓዱ እስኪሞላ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ ከዚያ በቅል እየጨለፍን ጄሪካን እንሞላለን። እሱ ከማዶ ወደ ሥራው ሲመጣ በዚያ ያልፋል። አንድ ጠዋት አጠገቤ ቆመና "አንቺን ነው የማገባው" አለኝ። ልቤ ዘለለ። "ግን መጀመሪያ ሸርተቴው ይድረስልኝ" ብሎ ጨመረበት። ልቤ ባለበት ቆመ።

ሸርተቴ የሚለው፣ አሸዋ ገደል ላይ ቁጭ ብሎ የሚወርድበትን ጣውላ ነው። ልጆች በቅጠልም በጆንያም ይንሸራተታሉ፤ ያለ ነገር ነው። አንድ ጎልማሳ፣ በር ገጣሚ፣ ጢም ያበቀለ ሰው ግን ሥራ ሳይገባ በፊት በየጠዋቱ ገደል ለገደል ሲንሸራተት የሚታየው በእኛ አገር ብቻ ይመስለኛል። ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን ስለማውቅ ነው ይበልጥ የምናደደው። በእኛ በኩል ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከወጣች የባሏ ቤት እስክትገባ እግሯ መሬት አይነካም፤ በቅሎ የማይወጣው የማይወርደው ቦታ ሲደርሱ ሚዜ አዝሎ ያሻግራታል። ወደ ማዶ የሚዳሩት ሁሉ የሚፈሩት አሸዋ ገደልን ነው። በቅሎ እዚያ እስከ ጉልበቷ ትሰምጣለች። የይመር ታላቅ እህት የተዳረችው ከከተማው አክስቷ ቤት ነበር፤ ያዘላት ሚዜ ገደሉ አጋማሽ ላይ አሸዋው ከዳውና ሙሽሪትም እሱም ተያይዘው ተንከባለሉ። እግሯ ብቻ ሳይሆን ግንባሯም መሬት ነካ። ሰው ሳቀ። ትዳሩ ዓመት አልሞላውም፤ ፈረሰ። እናታቸው እማማ ሰዓዳ እስኪያረጁ ድረስ "ያ አሸዋ ልጄን በላት" ሲሉ ኖሩ። ይመር እንግዲህ ሙሽራውን ለማንም ሚዜ ጀርባ ላለመስጠት ምሎ ነበር። በጣውላ፣ ከፊቱ አስቀምጦ፣ ራሱ ሊያወርዳት። ሁለት ሰው የሚሸከም ሸርተቴ ማለት ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያስብ "አቤት ፍቅር" ይባላል፤ እኔም ለአንድ ወር ያህል ብዬ ነበር።

"እሺ፣ ጥሩ" አልኩት፤ "መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ፤ ከዚያ ጣውላህን ትሠራለህ።"

"ሽማግሌ ልኬ አባትሽ ከፈቀዱ ቀን ይቆረጣል" አለኝ። "ቀን ከተቆረጠ በኋላ ጣውላው ባይደርስስ?"

"ባይደርስ ሚዜህ ያዝለኛላ።"

"እህቴንም ያዘላት ሚዜ ነው" አለኝ። ቅሌን አንስቼ ውሃዬን መጨለፍ ጀመርኩ፤ እሱም ይኼን ፈቃድ አድርጎ ወሰደው።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን አላህ ያውቃል። መጀመሪያ የዋንዛ ጣውላ ነው፤ በመላጊያ ልጎ ልጎ መስተዋት አስመሰለው፤ አሸዋው ላይ ሲቀመጥበት ዝም። ግማሽ ክንድ ሄዶ አፍንጫውን ቀበረ። ከዚያ ከሥሩ ቆርቆሮ መታበት። ለሁለት ቀን በረረ፤ በሦስተኛው ምስማሮቹ ራሳቸውን አወጡና አሸዋውን እንደ ሞፈር ማረስ ጀመሩ። በዚያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ የተቀመጠበትን ሰው ነገር ልተወው። ከዚያ የጥጃ ቁርበት ከነጸጉሩ አለበሰው። ይኼኛው በእርግጥ ብልሃት ነበረው፤ ጸጉሩ ወደ ኋላ ከተኛ ያንሸራትታል። ይመር ግን የጥጃዋን ራስና ጭራ አቀያየረና ጸጉሩ ወደ ፊት የተኛ አድርጎ ወጠረው። እኛ ውሃ ልንቀዳ ወርደን ከታች እናያለን። ጣውላው ትንሽ እንደወረደ ባለበት ቀጥ አለ፤ ይመር ብቻውን ቀጠለ። ጄሪካኔን ሊመታ ምንም አልቀረው። አሸዋውን ከአፉ እየተፋ "አየሽ፣ ገልብጬው ነው" አለኝ። አላመመህም ወይ የሚል ጠፍቶ አይደለም፤ የሚሰማው የለም እንጂ። ገልብጦ በትክክሉ ወጠረው፤ አንድ ሳምንት ሠራ፣ ጸጉሩ አለቀ።

የቅባቱን ነገር ደግሞ አታንሱብኝ። የኑግ ዘይት ቀባው፤ አሸዋው ከሥሩ እየተጣበቀ ሌላ ጣውላ ሠራበት። ሞራ ቀባው፤ ለትንሽ ጊዜ ሄደ፤ ግን የሰፈሩ ውሾች ሁሉ እየተከተሉ ጣውላውን ይልሱት ጀመር፤ እሱ ከላይ ሲወርድ እነሱ ከኋላ እየጮኹ ሲከተሉት የገበያተኛ ሁሉ መሳቂያ ሆንን። ሆንን እላለሁ፤ ሰው ሁሉ የማን እጮኛ እንደሆነ ያውቃል፤ ከእኔ አባት በስተቀር ሽማግሌ የሚጠብቅ አልነበረም እንጂ። ሳሙና አሸው፤ ሳሙናውም በኩፖን ነው፤ እማማ ሰዓዳ ልብስ የሚያጥቡበት አጥተው አለቀሱ። ሰፈፍ ቀባው፤ ማር ሲነጠር የሚቀረውን ሰም ማለቴ ነው። ጠዋት ላይ ግሩም ነበር። ፀሐይ ወጣ ሲል ግን ሰፈፉ ይላላና ሙጫ ይሆናል፤ ይመር መሃል መንገድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በመጨረሻ ሻማ አሸው። ሻማው ያንሸራትታል፤ ችግሩ አንድ ጊዜ ወርዶ ሲወጣ ተላጦ ያልቃል።

አባቴ ይመርን አይጠላውም ነበር። ለእናቴ "ያ እንጨት ቤቱ ልጅ ሽማግሌ ቢልክ አልመልሰውም" ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስቡት እንግዲህ። መከልከል የለ፣ ጠላት የለ፣ ጥሎሽ አነሰ የሚል የለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚገባው ሰው ግን ደጅ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይወለውላል። ለይመር ራሱ ነገርኩት። "አባቴ እንዲህ ብሏል" አልኩት። ደስ አለው፤ እጄን እንኳ ያዘ። "እንግዲያውስ አያስቸኩልም" አለኝ።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር የጋለ ማንቆርቆሪያ ቀዩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ፎርማይካው አረፋ አውጥቶ ከጠርዙ ተነሳ። አባቴ ጠረጴዛውን ወደ ጓዳ ሊያስገባ ሲል ይመር ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱ የረኃብተኛ ፊት ነው። አባቴ ጠረጴዛውን አየ፣ ይመርን አየ። "በል ውሰደው" አለው። "ውሰደውና ከዚህ በኋላ ሻይ ስትጠጣ ወደ ብርጭቆህ ተመልከት።" ይመር ጠረጴዛውን ተሸክሞ ሲወጣ ሂሳቡን እንኳ አልከፈለም። ዞር ብሎም አላየኝም።

ፎርማይካውን ገፎ በኮላ ከጣውላው ሥር ለጠፈው፤ ረጅም፣ ለሁለት ሰው የሚሆን። ባዶውን በእግር ሲገፉት ራሱ ይሄዳል። ሁለት ሰው የሚያህል ሲጫንበት ግን ይሰምጣል፤ ሻማውም ከፎርማይካው ላይ ወዲያው ይላጣል። ይመር ተስፋ መቁረጥ ጀመረ፤ ተስፋ ሲቆርጥ ደግሞ ይባስ ይዘገያል። ስለዚህ ነገሩን እኔው ያዝኩት። ምን ላድርግ? በእሱ እጅ ከተውኩት ሳረጅ ነው የምዳረው። ሻማና ሰፈፍ በጣሳ አቅልጬ ቀላቀልኩ፤ ሰፈፉ ይይዛል፣ ሻማው ያንሸራትታል። ብዙ ሰፈፍ ሲሆን ቀትር ላይ ይሟሟል፣ ጥቂት ሲሆን ይላጣል። የእናቴን የከሰል ካውያ አግዬ፣ ሰሙን ፎርማይካው ላይ አፍስሼ በካውያው ስዳምጠው እንደ ውሃ ተነጠፈ። ካውያው ጥቂት ከቆየ ግን ኮላው ይለቅና ፎርማይካው ይነሳል፤ ጥቂት ከቸኮለ ሰሙ አይገባም። ስንት ጊዜ እጄን እንዳቃጠልኩ፣ ስንት ጊዜ እናቴ ነጠላዋ ላይ የሰም እድፍ አግኝታ እንደጮኸችብኝ አልቆጠርኩትም። ሲቀዘቅዝ በቢላ ጀርባ እፍቀዋለሁ፣ በአሮጌ ሽርጥ አሸዋለሁ። እሺ፣ ልዋሽ አልችልም፤ ደስ ይለኝ ነበር። ጣቴን ሳስኬድበት የትም የማይዘኝ ሲሆን፣ ያን ልጅ ጠረጴዛ ሲዳብስ ያየሁ ቀን ምን እንደተሰማው ገባኝ። ይህም አናደደኝ።

"አሁን ደርሷል" አልኩት። "ላክ።"

"ክብደቱን ልሞክረው" አለኝ፤ ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "ስንት ኪሎ ትሆኛለሽ?" አለኝ። አላበቃም፤ "ግማሽ ኩንታል ማሽላ ይበቃል ወይስ ልጨምርበት?" ብሎ ጠየቀኝ። ውሃዬን ትቼ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ሽማግሌ መጣ። አውራ ጎዳናውን ተከትሎ ካለችው ከጎብዬ ከተማ። የመጡት ለእንድሪስ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ ሻይ ቤታችን ሁለት ጊዜ ቢገባ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ጠረጴዛውን ሳይሆን እኔን ያየ ሰው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ደጅ ቆሙ፤ "ግቡ" ሲባሉ "የመጣንበትን ካልሰማችሁ አንቀመጥም" አሉ። አባቴ እንደ ደንቡ "ተማክረን እንመልስላችኋለን፤ በሳምንቱ ተመለሱ" አላቸው። በኋላ ወደ ጓዳ ገባና እኔን አየኝ። "ሌላ የሚመጣ ካለ ይኼው ሳምንት አለው" አለ፤ ማንን እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ያቺ ሳምንት በእጄ ነበረች። ከመላ ዕድሜዬ ያቺን ሳምንት ነው ደጋግሜ የምኖራት።

ይመር የዚያን ቀን ጎረቤታችን ሮቢት ከተማ ነበር፤ ኅብረት ሱቅ ሻማ መጣ ሲባል ሰምቶ ሄዷል። ወረፋ ሲጠብቅ ሰንብቶ ሰኞ ሲመለስ እንጨት ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ሴት ልጅ እንጨት ቤት ሄዳ ወንድ ጠራች መባሉን እያወቅሁ። ዕቃውን አስቀምጦ ወጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ፊቱ ነጣ፤ አምኛለሁ፣ ደነገጠ።

"አጎትህን ዛሬ ላከው" አልኩት። "ሁለት ሰው ይዞ ይምጣ። አባቴ እየጠበቀ ነው።"

"ዘሃራ፣ ከመሄዴ በፊት ከነጆንያው አወረድኩት" አለኝ። "ወረደ፤ ግን መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ይወስዳል። ጠርዙን ትንሽ ብልገው ይስተካከላል። ቅዳሜ…"

"ይመር፣ ሽማግሌ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሄድም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው።"

"አውቃለሁ። ግን ቃል ገብቼ ብትወድቂብኝስ? እህቴን አይተሻታል? አሁንም ከቤት አትወጣም። ቅዳሜ እልካለሁ። አብሽሪ፣ ቅዳሜ።"

የጎብዬ ሽማግሌዎች ሐሙስ ተመለሱ። አባቴ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ሲያይ ዋለ፤ እስከ መግሪብ አቆያቸው፤ ሻይ ሦስት ጊዜ አስቀዳላቸው፣ ያውም በስኳር። ከዚያ ወዲያ ሰውን ማቆየት ነውር ነው። "እሺ" አላቸው። ይመር ቅዳሜ ጠዋት አጎቱን ላከ፤ ቃሉን ጠብቋል፤ ይኼን እንኳ አልክድበትም። አጎቱ ደጅ ደርሶ ነገሩን ሲሰማ ዱላውን ተደግፎ "የጎብዬ ሰው መቼም ይፈጥናል" ብሎ ተመለሰ። እኔ ጓዳ ሆኜ ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከኀዘን ይልቅ ከንዴት ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሰርጌ ቀን የጎብዬ ሰዎች በመኪና መጡ። አስፋልት ለአስፋልት ነው፤ አሸዋ የለ፣ ገደል የለ፣ ሚዜ አላዘለኝም፤ ከደጃችን አንስቶ መኪና ውስጥ አስቀመጠኝ፣ አለቀ። የሰፈሬ ልጆች ከበሮ እየመቱ፣ እኔ ሻሼ ሥር ተሸፍኜ እየሰማሁ፣ እንዲህ ብለው ጨፈሩብኝ፦

"ሰሙን ስታቀልጥ ጣውላህን ስትቀባ፣
የጎብዬው መኪና በደጃችን ገባ።"

ሰሙን ያቀለጠው ማን እንደሆነ አላወቁም። ያን ጊዜም ቢሆን ተነስቼ ላርማቸው ፈልጌ ነበር።

እንድሪስን አልበድልም፤ አላህ ይዘንለት። ደግ ሰው ነበር። መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ ከዚያ ለመድኩት፣ ከዚያ ደግሞ ሲዘገይ በር በር የማይ ሆንኩ። እሱ ግን አይዘገይም፤ ሽማግሌ በጊዜው የሚልክ ሰው ሌላውንም ነገር በጊዜው ያደርጋል። ስድስት ልጆች ወለድን፤ ዛሬ አንዷ ቤት ነኝ። ኑሮዬን አላማርርም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፤ እሱም ይኼው።

የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ እንደ ወጉ ወደ እናቴ ቤት መጣሁ። ሆዴ ገፍቶ፣ እግሬ አብጦ፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። እማማ ሰዓዳ መጡ። አህያቸው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተጭኗል፤ ከጠርዙ ቀይ ሲያበራ ገና በር ላይ ሆኜ አወቅሁት። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሆዴ፣ ስለ ጎብዬ ገበያ ጠየቁ። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

"ዘሃራዬ፣ ልጄ፣ ይመር ነገ ሙሽራ ያወርዳል። የፋጤን ነገር ሰምተሽ ይሆናል።"

ሰምቻለሁ። የሰማሁት ደግሞ ለፋጤ ሽማግሌ የላከው ባያት በሳምንቱ መሆኑን ጭምር ነው። በሳምንቱ። ተማረ ማለት ነው፤ ትምህርቱን የከፈልኩለት እኔ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ" አልኩ። "ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?"

"ሰሙ እምቢ አለው፣ ልጄ። ሁለቴ ቀባው፣ ሁለቴ ተላጠ። ካውያውን ሲያቆየው ደግሞ ያ ቀዩ ነገር ይነሳበታል። እኔ ሂጂ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ የመጣሁት።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያቺ ልጅ እንደ ልጄ ወድቃ ላያት አልችልም። ካንቺ እጅ ሌላ የሚያውቀው የለም።"

እናቴ ከማጀት ብቅ አለች፤ ፊቷ "እንዳትነኪው" ይላል። እኔም ልለው ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አሁን ብጽፈው ወረቀት አይበቃም፤ ይኼ ሰው ሸርተቴ ልሥራ ብሎ ቀኔን አሳልፎ፣ አሁን በእኔው ሰም ሌላ ሴት ሊያወርድ። ደግሞ አያፍርም እንዳልል፣ ያልመጣው አፍሮ ነው። የመጡት እናቱ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ምን ልበላቸው? ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"እማዬ፣ ካውያውን አምጪልኝ" አልኩ።

ሆዴ አላስጎነብስ ስላለኝ ጣውላውን ሁለት በርጩማ ላይ አስጋደምኩትና ቆሜ ሠራሁት። ይመር ያለበሰውን ሰም በሙሉ ፋቅሁት፤ ግማሹ ሰፈፍ ነው፤ እንዴት ረሳው? ስንቴ ነግሬዋለሁ። ወቅቱ ሙቀት ስለሆነ ሰፈፉን ቀነስኩ። የተነሳውን ጠርዝ በኮላ መለስኩት። ካውያውን አስኬድኩ፣ አነሳሁ፣ አስኬድኩ። ላበላሸው እችል ነበር፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ኮላው እስኪለቅ ትንሽ ብቻ ካውያውን ባቆየው ማንም አያውቅብኝም፤ አላሰብኩትም አልልም። ግን ፋጤ ምን አደረገችኝ? ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ መጥፎ ሰም መቀባት እጄ አይችልም። በቢላ ጀርባ ፈቀፈቅሁት፣ በሽርጥ አሸሁት። መጨረሻ ላይ መዳፌን ሳሳርፍበት አንሸራተተኝ። እማማ ሰዓዳ ሲመርቁኝ አልሰማኋቸውም፤ ወደ ጓዳ ገብቼ ተኛሁ።

በማግስቱ እናቴ "አትሂጂ፣ ፀሐዩ ይጎዳሻል" አለችኝ። ሄድኩ። ገደሉ አፍ ላይ ሴቶቹ መሃል ቆምኩ። ገና ጠዋት ነው፣ አሸዋው ቀዝቃዛ ነው። ይመር ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ፋጤ በሐር ሻሽ ተሸፍና ከፊቱ ተቀመጠች፤ ትንሽዬ ልጅ ነች፣ ጣውላውን በሁለት እጇ ይዛለች። ይመር ዞር ብሎ ወደ ሰዉ አየና እኔን አየኝ። ከዚያ ተረከዙን አነሳ።

ወረዱ። ወደ ግራ አልወሰደም፤ አልሰመጠም፤ አልቆመም። አሸዋው ከኋላቸው ብቻ እየተነሳ ቀጥ ብለው እስከ ታች፣ ከዚያም በሜዳው አሸዋ ላይ ጥቂት ሄደው በቅሎዋ የቆመችበት ድረስ ደረሱ። ሚዜዎቹ ፋጤን ከጣውላው አንስተው በቅሎ ላይ አስቀመጧት፤ እግሯ መሬት አልነካም። እማማ ሰዓዳ ታች ሆነው አሸዋው ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ከላይ ይታዩ ነበር። ሴቱ በእልልታ ገደሉን ሞላው። እኔ ጣውላውን ነበር የማየው፤ ባዶውን ተገልብጦ ሥሩ ወደ ፀሐይ ዞሯል፤ ያብረቀርቃል፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተላጠም።

አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና "ማሻአላህ፣ ይኼን የሠራ እጅ ይባረክ" አለች፤ ወደ ይመር እያየች።

"አሚን" አልኳት።